የፊተኛው ወንበር

የካቲት 5፣ ሐሙስ

የጋበዘን የብስክሌት ማኅበር «ልምምዳችሁን በየቀኑ መዝግቡ» ስላለ ይህን ደብተር ጎሮ ገዛሁ። ባለ መስመሩ አልቋል ብላ የሱቋ ልጅ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ሰጠችኝ። ይሁን። ስም፦ ገሰሰ። ዕድሜ፦ ሃምሳ አንድ። ሥራ፦ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ። ክብደት፦ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ዛሬ የተነዳ፦ 22 ኪሎ ሜትር። ከጎሮ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ።

ብስክሌቷ ባለ ሁለት ወንበር ናት። እኔ ከፊት ሆኜ መሪና ፍሬን እይዛለሁ፤ ሙዘሚል ከኋላ ሆኖ ይረግጣል። ዓይኑን በግላኮማ ካጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ብስክሌቷን የተዉልኝ አፍሪካን ሊያቋርጡ መጥተው ሚስትየዋ ወገቧን ያመማት የሆላንድ ባልና ሚስት ናቸው። ዕቃቸውን ሳሽግላቸው ሰውየው «ወዳጅ አለህ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። እውነቴን ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከሙዘሚል መለዋወጫ ሱቅ የማይሆን ቡሎን ገዝቼ ስመልስ ተጣልተን፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም።

ሙዘሚል ማታ ማታ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያስነብበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባሕር እስከ ባሕር የሚሄዱ የብስክሌት መንገዶችን። አውስትራሊያን ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ሰላማዊው ውቅያኖስ የሚያቋርጠውን ያውቃል። አሜሪካንን ከሳንዲያጎ እስከ ፍሎሪዳ ያውቃል። ኮስታሪካ ላይ ጭቃው እስከ ጉልበት እንደሚደርስ ያውቃል። «እንግሊዝ ጠባብ ናት፤ ጎበዝ ከሆንክ ከአንዱ ባሕር ተነሥተህ በሁለት ቀን ሌላኛው ጋ ነህ» ይለኛል፣ ሄዶ እንደመጣ ሰው። ባሕር የሌለው አገር ሰው ሲመኝ ሁለት ሁለት ነው የሚመኘው።

አሁን ግን ምኞት አይደለም። የፈረንሳዩ ማኅበር ጋብዞናል። ሰኔ 7 ከአትላንቲክ ዳር ተነሥተን፣ በቦይ ዳር ዳር ሜዲትራኒያን እንደርሳለን። ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሃያ ጥንድ ብስክሌተኛ፤ በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ አንድ የሚያይና አንድ የማያይ።

የሚያየው እኔ ነኝ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ከዚያ ብስክሌት። 16 ኪሎ ሜትር።

አፀደ በትከሻዬ በኩል ደብተሬን አየችና «ፊደልህ ምነው ዝሆን አከለ? አንዱ ሁለት ካሬ ይዟል እኮ» አለች። እስክሪብቶው ነው አልኳት። ሚስት ስትኖርህ ደብተር መደበቅ ልማድ መሆን አለበት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ሮመዳንም ገባ። ሁለታችንም ጾመኛ ሆንን። ሙዘሚል ውሃም ስለማይቀምስ ቀትር ላይ መንዳት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት እንወጣና እሱ ለማፍጠሪያው ቤቱ እንዲደርስ አድርገን እንመለሳለን።

አንድ ችግር አለው። ስንመለስ ፊታችን ወደ ምዕራብ ነው። የዘንድሮ ፀሐይ ምን እንደነካት አላውቅም፤ ወርዳ ዓይን ውስጥ ካልገባሁ ትላለች። የመኪናዎቹም መብራት እንደዚያው። እያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ሰው ሁሉ ርካሽ አምፖል እየገጠመ መንገዱን አበላሸው።

18 ኪሎ ሜትር።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ሥራ ቦታ ቀን ተበላሸ። አንድ ፓሌት አበባ ወደማይሄድበት አውሮፕላን ሊጫን ሲል አለቃዬ አብኔዘር ደረሰበት። አብኔዘር የልጄ እኩያ ነው፤ አይጮህም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሦስት ነው። ስምንት ብለው ነው የጻፉት» አለኝ። የማተሚያው ቀለም እያለቀ ነው፣ ቁጥሩ ይደበዝዛል አልኩት። አብኔዘር ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ «እሺ ጋሼ» አለ።

ቀለሙን ዛሬ ጠዋት ነው የቀየሩት። ሲቀይሩ እዚያው ቆሜ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ማኅበሩ ከፊት ሆኖ የሚመራውን ሰው የዓይን ምርመራ ወረቀት ከጠየቀ ሳምንት ሆነው። የመሪውን ብቻ። አንድ ሳምንት ሙሉ ነገ ነገ ስል ከርሜ ዛሬ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ያለ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊቴ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ጮክ ብሎ አነበበ፤ ኢ፣ ኤፍ ፒ፣ ቲ ኦ ዜድ፣ እያለ እስከ ታች። ድምፁ የቅዳሴ ድምፅ ነው። እኔ ሳላስበው አብሬው በሆዴ እደግም ነበር። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩበት ጭንቅላት ገና አልሞተም።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሰሌዳውን በዱላ እየነካች «ያንብቡ» አለችኝ። አነበብኩ። በደንብ አነበብኩ። በጣም በደንብ ከማንበቤ የተነሣ ዱላዋ አራተኛው መስመር ላይ ሳለ እኔ አምስተኛውን ጀምሬ ነበር። አላስተዋለችም። ማኅተም መታችልኝ።

ይህን የጻፍኩት ለራሴ ነው። ሰሌዳው ላይ ነጭ ነገር እንዳለ ታይቶኛል። ነጭ መሆኑ ብቻ ታይቶኛል።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ ተላከ። 20 ኪሎ ሜትር። ጾም ሲያልፍ ይስተካከላል።

የካቲት 29፣ እሑድ

ዛሬ አንድ ነገር ታዘብኩ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምጠራው፤ «ጉብታ!»፣ «ጉድጓድ በቀኝ!»፣ «ልንቆም ነው!» እያልኩ። አሁን ሙዘሚል ይቀድመኛል። «ገሴ፣ ጉብታው ከአምስት ርግጫ በኋላ ነው» ይለኛል። ቦሌ ለሚ ከመድረሳችን በፊት ያለውን የተሰበረ አስፋልት፣ የፋብሪካው ቆዳ የሚሸትበትን መታጠፊያ፣ ሁሉንም በቁጥር ይዞታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሥራ ፈትቼ። ከኋላ ምን ይሠራል?»

አመሰገንኩት። እውነት ለመናገር አገዘኝ።

ስንመለስ መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ ነበር። መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው። ፍሬኑን ስይዝ ጎማችን ኋላውን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሙዘሚል እጁን ዘርግቶ የመኪናውን ብረት ዳሰሰ።

«ፍሬን ዘገየ» አለ።

«ጾሙ ነው ሙዜ፣ ደክሞኝ ነው።»

«የእኔም ጾም ነው። እኔ ውሃም አልጠጣሁም።»

ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመ።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

18 ኪሎ ሜትር። አፀደ ሦስት ኪሎ ካሮት ለምን እንደገዛሁ ጠየቀችኝ። ለጤና።

«የማን ጤና?» አለች።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዛሬ ፊደሉ አራት ካሬ ቢይዝ ማንም አይፍረድብኝ።

ከቦሌ ለሚ እየተመለስን ነበር። ፀሐይዋ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ሁሉ ወርቅ የፈሰሰበት ይመስል ያንጸባርቃል። ምንም አይታየኝም ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ምንም። መንገዱን በቃሌ ነበር የምነዳው።

ሙዘሚል «ገሴ፣ አፈር ይሸተኛል» አለኝ። «አዲስ የተቆፈረ አፈር።»

እኔም «ዝም ብለህ ርገጥ» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል።

ለውሃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ነበር። ዓርብ ስናልፍ አልነበረም፤ ስለዚህ በቃሌ ውስጥም አልነበረም። ዙሪያውን ቀይ ላስቲክ የታሰረበት ገመድ ተወጥሯል፤ ቆፋሪዎቹ በኋላ አሳዩኝ። የፊት ጎማችን ገባ፣ እኔ በመሪው ላይ አለፍኩ፣ ሙዘሚል በግራ ጎኑ ወደቀ። እኔ ጉልበቴ ተጫረ። እሱ የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ፈርቼ ዝም ያልኩት ነው የደረሰው።

የቦዩ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ አዛን ተሰማ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሙስሊም ኖሮ ከኪሱ ተምር አውጥቶ በደህናው እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሙዘሚል ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «አንተ ደህና ነህ?» አለኝ።

ሐኪም ቤት አስማ መጣች። ሚስቱ ናት፤ ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ ሱቁንም ቤቱንም እሱንም ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት። ጀሶውን እያየች «ምን ሆናችሁ?» አለች። እኔ አፌን ስከፍት ሙዘሚል ቀደመኝ።

«ውሻ ገባብን» አለ።

ውሻ አልነበረም። አፌን ዘጋሁ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ልምምድ የለም። ብስክሌቷ እነሱ ግቢ ናት፤ ፊተኛው ቸርኬ ተጣሟል።

አስማ ደውላ «ስለ ውሻው ወረዳ ሄጄ ላመልክት ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?» አለችኝ። ቡናማ አልኳት። ውሸት ልጅ ትወልዳለች፤ አሁን ደግሞ ቀለም አወጣንላት።

ሙዘሚል ለምን እንደዋሸልኝ ሳስብ ዋልኩ። እኔን ለማዳን ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ይዳዳኛል። ከዚያ ሌላ ነገር ይመጣብኛል፤ እንዴት አወቀ? ውሻ አለመኖሩን ማወቁ ግልጽ ነው። ግን መዋሸት የሚያስፈልግ ነገር መኖሩን እንዴት አወቀ?

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዛሬ ኢድ ነው። እንደየዓመቱ አፀደና እኔ ምሳ ተጠራን። አስማ ለእኛ ለጾመኞቹ ለብቻ አዲስ ድስት ገዝታ፣ ቅቤ ነክቶት በማያውቅ ድስት፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት ሠርታ ጠበቀችን። በየዓመቱ እንዲህ ታደርጋለች። ዘንድሮ በአንድ እጁ የሚበላ ባል እያጎረሰች ነው ያደረገችው።

«ብላ እንጂ ገሰሰ! የእኔ እጅ ነው ወይስ ጾሙ ነው የከለከለህ?»

ጎረስኩ። አልወርድ አለኝ። ሁለተኛ ጎረስኩ፤ እሱም እዚያው ቆመ። ሰው በበደለው ቤት የተለየ ድስት ተጥዶለት እንዴት ይበላል?

«ውሻ አልነበረም» አልኩ።

ጀምሬ ነበርና ጨረስኩት። ዓይኔ ከዓመት በላይ እየደበዘዘ እንደመጣ፣ የማተሚያውን ቀለም፣ መነጽር ቤቱን፣ በቃሌ የደገምኩትን ሰሌዳ፣ አፈሩን። አፀደ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እያለች ስንት ጊዜ ጎትጉታኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ጣሪያው ጠፈጠፍ የምታወራ ይመስል እሰማት ነበር።

አስማ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ? ታውቅ ነበር?»

«ከጥር ጀምሮ» አለ ሙዘሚል።

«እንዴት?» አልኩት።

«መሪው ይነግረኛል። የሚያይ ሰው ጉድጓድ ሲያልፍ መሪው አስቀድሞ ቀስ ይላል። ያንተ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባን በኋላ ነበር የሚደነግጠው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አስማ ናት።

«ብናገር መንገዱ ይቀራል። በዓመት ውስጥ ከዚህ ቤትና ከሱቁ የምወጣው በዚያች ብስክሌት ነው አስማ። ይቅር በይኝ። ያ የራሴ ጥፋት ነው፤ አውቄ ነው የተቀመጥኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተን የማልምርህ ሌላ ነገር ነው። አፈር ሸተተኝ ስልህ ዝም ብለህ ርገጥ አልከኝ። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ሰው ሁሉ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ዝም ብለህ ተከተል ይለኛል። አንተ ብቻ ነበርክ የማትለኝ።»

እጄን ከማዕዱ ሰበሰብኩ።

አስማ ተነሥታ ወጣች። ብስክሌቷን ከግቢ ወደ ሱቁ ስትገፋ፣ ከዚያ የሱቁ ብረት መዝጊያ ሲወርድ ሰማን። ተመልሳ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችና «ብስክሌቷ እዚያ ናት። በቦይ ዳር ነው የምትነዱት አላላችሁም? ሁለታችሁም ዋና አትችሉም። አንዱ ሌላውን በአገሩ የአፈር ቦይ ከቶት መጣ፤ የፈረንጁ ደግሞ ውሃ አለበት። ባሌን ለዓሣ አልሰጥም» አለች።

ከዚያ እንደገና ቁጭ ብላ «አሁን ብላ። ምግቡ ምን አደረገህ?» አለችኝ።

በላሁ። ወረደልኝ፤ አፈርኩ እንጂ ወረደልኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ስልክ የለም። ከእሱም የለም፣ ከእኔም የለም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። እውነተኛው ጋ። አፀደ ወረፋው ላይ አጠገቤ ቆማ «ከፊትህ ያለው ሲያነብ ጆሮህን ያዝ» አለችኝ። ይህን ነገር እስክሞት ትጫወትበታለች።

ዶክተር ምሩጽ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በብርሃኑ አየ፣ አየ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አደረገ።

«ሁለቱም ላይ ሞራ አለ። የቀኙ ከርሟል። በዚህ ዓይን ምን ይሠራሉ?»

«ካርጎ።»

«ሌላስ?»

«ሰው እነዳለሁ።»

«መኪና?»

«ብስክሌት።»

«ከኋላ ሰው ይጭናሉ?»

«ዓይነ ስውር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥሩው ዜና ይህ የሚወጣ ነገር ነው» አለ። ቀኙን በሚቀጥለው ሳምንት፣ ግራውን ከፋሲካ በኋላ። ጥሩ ዜና መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። የሚወጣ ነገር ነው! ዓመት ሙሉ የደበቅኩት፣ የወዳጄን እጅ የሰበርኩበት፣ የሚወጣ ነገር ነው።

ለማኅበሩም ጻፍኩ። የላክሁላችሁ ወረቀት በቃል የተጠና ነው፤ መንገድ ላይ ጥፋት አድርሻለሁ፤ ወዳጄ ጥፋት የለበትም፤ ቦታውን አትንሡት። አብኔዘር እንግሊዝኛውን አስተካከለልኝ። አንብቦ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ስምንቱም ሦስት ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስኪሻለኝ ድረስ ማሸጊያ ክፍል አደረገኝ፤ እዚያ በእጅ ነው የሚሠራው።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

የቀኙ ተሠራ። አላመመኝም። ተሸፍኗል። ግራው ደግሞ ጭጋግ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ የሚጽፈው ግምት ነው።

አመሻሽ ላይ የማውቀው ኮቴ ሰማሁ። አስማ ሙዘሚልን በር ላይ አድርሳው፣ ሳትገባ፣ «ሥራዬን ስጨርስ እመጣለሁ» ብላ ሄደች። አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ይቅርታ ምንም አላነሣም። ሻይ ስፈልግ ብርጭቆውን በክርኔ ጣልኩት።

«አትቅዘፍ» አለኝ። «የእጅህን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አስነካ። አዎ። አሁን ቀስ ብለህ አንሸራት። ብርጭቆው ራሱ ይነግርሃል።»

አንሸራተትኩ። ብርጭቆው ነገረኝ።

«ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያው ወር ብዙ ብርጭቆ ይሰበራል። ከዚያ ይለመዳል።»

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ተፈታ! ነጭ ማለት ይህ ኖሯል? የሐኪም ቤቱ አንሶላ ሰማያዊ ሊመስለኝ ምንም አልቀረውም። ቤት ስገባ አፀደን አየኋት።

«ሸብተሻል» አልኳት።

«አንተ መስታወት ገና አላየህም» አለችኝ።

የትናንቱን ገጽ አየሁት። ፊደሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ወጥተዋል። የዛሬው አንድ አንድ ካሬ ውስጥ ገብቷል።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ከማኅበሩ መልስ መጣ። እስከ ግንቦት 25 አዲስ የምርመራ ወረቀት ከመጣ ቦታዬ ይጠበቃል። ካልመጣ ለሙዘሚል ከዚያው አገር ሌላ መሪ ይሰጡታል። እሱ በምንም መልኩ ይሄዳል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አለኝም። ግን ሌላ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ጉብታ ሲጠራለት አሰብኩና ቀናሁ። የዚህን ያህል ክፉ ነኝ።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

የፋሲካ ማግስት። ሙዘሚልና አስማ መጡ፤ እነሱን በለስላሳና በዳቦ ተቀበልናቸው፣ ሥጋችንን ስለማይበሉ። አፀደ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታ ለብቻ ጥብስ ሠርታ ኖሯል፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። አስማ ስታይ ሳመቻት።

ለሙዘሚል ደብዳቤውን አነሣሁለት። ስልኩ አንብቦለት ኖሯል።

«እኔ ካልደረስኩ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ከፈረንጅ ጋር?»

«ከማንም ጋር። ገሴ፣ ልዋሽህ? ሁለቱን ባሕር እፈልጋለሁ። አንተ ብትኖር ይጣፍጣል፣ ባትኖርም እሄዳለሁ።»

አመመኝ። ግን ከየካቲት ጀምሮ በመካከላችን የተነገረ ንጹሕ ነገር ይህ ነበር። እኔም ያኔ ነው የወጣልኝ። «ዝም ብለህ ርገጥ ያልኩህ ፈርቼ ነው። አፈሩ አንተን እውነተኛ፣ እኔን ውሸታም ሊያደርገን ነበር። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ጀሶ ያለበትን እጁን ጉልበቴ ላይ ጣለው። ከባድ ነው ጀሶ።

«አውፍ ብያለሁ» አለ። «ቁልፉ ግን እኔ ጋ አይደለም።»

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ግራውም ተሠራ። ጠብታ፣ በየአራት ሰዓቱ። ጎንበስ ማለት ክልክል። ዕቃ ማንሣት ክልክል። ብስክሌት እስኪነገረኝ ክልክል። አስማን መለመን አልተከለከለም፤ ለመንኳት፣ አልሰማችኝም።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

የሙዘሚል ጀሶ ተፈታ። ከሱቁ ዕቃ አንድ አንዱን እያነሣ ጣቱን ይፈትናል። «አሥራ ሦስት ቁጥር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ይሄ ደግሞ የቻይና ነው» ይላል። አልተሳሳተም።

ፊተኛውን ቸርኬ ግቢያቸው ውስጥ አቃናሁት። አስማ ከሱቁ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ቆማ ጠበቀች፣ ስጨርስ ወስዳ ቆለፈችበት።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ዶክተር ምሩጽ «ይንዱ» አለ። ወረቀቱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። ሰሌዳውን ሳነብ ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ ሰው አስወጡልኝ ያልኩት።

ለማኅበሩ ላክሁ። ማታውኑ መልስ መጣ። ሁለታችንም ተመዝግበናል።

ቁልፉ ግን አሁንም አስማ ጋ ነው። እሷ እንቢ ካለች ሙዘሚል ከፈረንጁ ጋር ይሄዳል፣ እኔ ማሸጊያ ክፍል እቀራለሁ። ያም ፍርድ ነው፤ አልከራከርም። ግን እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።

ግንቦት 23፣ እሑድ

ጠዋት ሱቁ በር ላይ ሄድኩ። ሙዘሚል በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማውን አስሯል፣ የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ ይዟል። አስማ ቆማለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ወረቀትማ በየካቲትም ነበረህ።»

እውነት ነው። ምን ይባላል? «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

ቁልፉን አወጣች። መዝጊያውን አነሣች። ብስክሌቷን ራሷ እየገፋች አስፋልት ላይ አወጣቻት። ከዚያ ከሱቁ የላስቲክ ቁራጭ አምጥታ ቀሚሷን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረች፣ የሙዘሚልን የራስ ቁር ከጭኑ አንሥታ ከሻርፗ በላይ ደፋችው።

«መጀመሪያ እኔን አዙረኝ» አለች።

ሙዘሚል ከበርጩማው ተነሣ። «አስማ፣ አንቺ ብስክሌት ነድተሽ አታውቂም!»

«እኔ መቼ ነዳሁ? የሚነዳው እሱ ነው።»

መንደሩ ወጣ። ባለ ሱቆቹ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት፣ ባለ ባጃጁ፤ ሁሉም። አርባ ሰባት ዓመት የሞላት፣ አራት ልጅ ያሳደገች፣ በጎሮ ማንም ቀና ብሎ የማያናግራት ሴት ከኋላዬ ወጥታ ጃኬቴን በሁለት እጇ ጨመደደች። እግሮቿ ፔዳሉ ላይ ሲንቀጠቀጡ መሪው ነገረኝ። መሪ እንደሚናገር ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ሁሉን ነገር ጠራሁላት። ልንነሣ ነው። በቀኝ ሚኒባስ ቆሟል፣ በሰፊው እናልፈዋለን። ጉብታ፣ አሁን። ልጅ ልትሻገር ነው፣ ልንቆም ነው፣ ቆምን፣ ተሻገረች፣ ልንነሣ ነው። ቦዩ የተቆፈረበት ቦታ ስንደርስ ተደፍኖ አፈሩ አበጥ ብሏል። ነገርኳት። «እዚህ ጋ ነው» አልኳት። ጃኬቴን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። ቀስ ብዬ አለፍኩት። ዞርን፣ ተመለስን። ሐኪሙ ፊት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ሱቁ በር ላይ ወረደች። የብረቱን መዝጊያ ይዛ ቆመች። ሙዘሚል ወደ ድምፃችን ተጠግቶ «እህስ?» አላት። «ያያል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፣ የራስ ቁሩን እያወለቀች። «ከወጣሁ ጀምሮ ዓይኔን አልገለጥኩም። ጨፍኜ ነው የዞርኩት።»

የራስ ቁሩን ባሏ ራስ ላይ አደረገች፣ ማሰሪያውን አገጩ ሥር ቆለፈችለት፣ ከዚያ ያን ተሰብሮ የዳነ እጁን ይዛ የኋለኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።